የእትዬ ጥላሸት ውሃ

«ጥላሸት» የሚለውን ስም ያወጣችላት ጎረቤቷ በረኪና ናት። «በረኪና» የሚለውን ደግሞ ያወጣችው ጥላሸት ናት። በዚህ በኩል ሁለቱም እኩል ናቸው። እናት አባት ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚያውቅ ቢኖር የጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ብቻ ነው።

በረኪና ልብስ አጣቢ ናት። የጤና ጣቢያውን አንሶላና ጋዋን እያጠበች በግቢዋ ገመድ ላይ ታሰጣለች። ጥላሸት ከሰል አክሳይ ናት። ግቢያቸውን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። እንግዲህ ፍረዱ! ሰባት ዓመት ይሆነዋል፣ አንድ ቀን ነፋስ ተነሳና የጥላሸትን በርሜል ጥቀርሻ አርባ አንሶላ ላይ አራገፈው። አርባ! በረኪና ወንበር ላይ ወጥታ፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ያልተናገረችው የለም። ጥላሸትም አፍ አልተነፈጋትም፤ «አፍንጫሽን ላሺ!» ብላት ገባች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እሳትና ጭድ ሆነው ቀሩ።

እግዜር ግን ቀልድ ያውቃል። የጥላሸት ሴት ልጅና የበረኪና ወንድ ልጅ ለካ በዚያው አጥር ቀዳዳ ሲተያዩ ኖረዋል! «ተዋደናል፣ ልንጋባ ነው» ብለው ቁጭ አሉ። ተጋቡም። ሁለቱ እናቶች በሠርጉ ዕለት ጎን ለጎን ቆመው ፎቶ ተነስተዋል፤ ፎቶው ላይ አንዷ ወደ ምሥራቅ፣ አንዷ ወደ ምዕራብ ነው የሚያዩት።

ይህን የማወራላችሁ ለሐሜት አይደለም። የማወራላችሁ ስለ ውሃ ነው፤ የውሃው ነገር ግን ያለ ሁለቱ ሴቶች አይገባችሁም።

ሰፈሩ ባሕሩ ጥግ ነው። ጉድጓድ ቢቆፈር የሚወጣው ጨው ነው። ለልብስ ይሆናል፣ ሳሙና እያስለመነም ቢሆን። የሚጠጣው ውሃ በሳምንት ሁለቴ በቦቴ መኪና ነው የሚመጣው። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ወጣት ኢንጂነር መጣና ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለችውን ክፍል ይዞ «በፀሐይ ብቻ ጨዉን ከውሃው እለያለሁ» አለ። ሰዉ ሳቀበት። እሱ ግን ነገሩን ለጠየቀው ሁሉ ሳይሰለች ያስረዳ ነበር። ፀሐይ አንድ ገንዳ ውሃ ላሙቅ ብትል ቀኑን ሙሉ ትደክማለች። ላይ ላዩን ብቻ ብታሞቅ ግን ቶሎ ታተነዋለች። ስለዚህ ጥቁር ጨርቅ ፎም ላይ ዘርግቶ ጨዋማው ውሃ ላይ ያንሳፍፋል፤ የጨርቁ ጫፍ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ ልክ እንደ ኩራዝ ክር፣ ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። ጥቁሩ ብርሃኑን ይውጣል፣ ይግላል፣ ውሃው ይተናል። እንፋሎቱ ዘመም ያለ መስታወት ሲያገኝ ይቀዘቅዝና በአሸንዳው ይንጠባጠባል። ጨዉ ታች ይቀራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ችግሩ ጥቁሩ ነበር። ኢንጂነሩ በትንሽ ሻንጣ ጥፍር ጥፍር የሚያክሉ ጥቋቁር ነገሮች ይዞ ነበር የመጣው፤ አንዱ ወርቅ ያለበት፣ አንዱ ስሙን ለመጥራት ምላስ የሚያስተሳስር። ጥሩ ናቸው፣ ግን ለአንድ ጨርቅ እንኳ አይበቁም። የመኪና ቀለም ሞከረ፤ ለዓይን ጥቁር ነው፣ ግን ያብለጨልጭና ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል፣ ውሃውንም ወደ ላይ አያሳልፍም። አንድ ቀን መንገድ ላይ የጥላሸትን እጅ አየና ቆመ።

«እትዬ፣ ይሄ ጥቁር ከየት ነው?»

«ከድህነት» አለችው።

የሷን ከሰል አድቅቆ፣ በስታርች ሙጫ ለውሶ፣ ጨርቅ ላይ ቀብቶ በመሣሪያው ለካው። ከመቶ እጅ ብርሃን ዘጠና አምስቱን ዋጠ። ሊያመሰግናት ሮጦ ሲነግራት እሷ ፊቷን አጨማደደች፤ «አምስቱ የት ገቡ?» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኢንጂነሩ ጥቁር ሠሪ እሷ ሆነች። ባሏን በቀበረች በሃያ ሁለት ዓመቷ የጀመረችው ሥራ፣ ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ሥራ፣ በመጨረሻ አንድ የተማረ ሰው «ያለ እርስዎ አይሆንም» አላት። ኩራቷን ልነግራችሁ አልችልም።

ጥላሸት አንድ ሕግ አላት። የአናጺ ቤት ፍርፋሪ እንጨት በርሜል ውስጥ ትጠቀጥቅና፣ ክዳኑን ዘግታ፣ ከሥር እሳት ታነድበታለች። ጭሱ በአንዲት ቱቦ ይወጣል። መጀመሪያ ነጭ ነው፤ እሱ ውሃው ነው። ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፤ እሱ ቅጥራኑ ነው። ከዚያ ይሳሳና ሰማያዊ ይሆናል፤ በመጨረሻ ይጠፋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ይፈጃል፣ ከዚያ በርሜሉ ተደፍኖ ያድራል። ቢጫው ሳይጠራ የወጣ ከሰል ሆዱ ውስጥ ቅጥራን ይዟል። ለዓይን ያው ጥቁር ነው፤ ሲሰበር ግን እንደ ጠራው ከሰል አይጮኽም፣ ጣት ላይም ቡናማ ይለቃል።

ስትሠራ የምታምነው ዓይኗንና ጣቷን ነው። አፍንጫዋን ጭሱ ከወሰደው ቆይቷል፤ ሽቶም ይሁን ሽንት ቤት ለሷ አንድ ነው። ይህን ከልጇ በቀር ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ልጇ ስምንተኛ ወሯን ስትይዝ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ለሁለት ወር ጭነት ሄዷል፤ ስለዚህ እናቷ ቤት ነበረች። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ደም ግፊቷን ለካችና ግንባሯን ቋጠረች። «ከዛሬ ጀምሮ የጉድጓድ ውሃ ባፍሽ እንዳይዞር። ጨው ነው የሚጎዳሽ» አለቻት። እንዲህ የተባሉ ነፍሰ ጡሮች በሰፈሩ ሰባት ነበሩ። ሲስተር የቦቴውን ውሃ ለነሱ ለይታ ማስቀመጥ ጀመረች።

በዚያው ሳምንት የቦቴው ሞተር ተቃጠለ። መለዋወጫው በትንሹ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ።

ኢንጂነሩ ጥላሸት ቤት እያለከለከ መጣ። እስከዚያ ቀን የሠሩት ለሙከራ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውሃ የምታወጣ ሚጢጢ ሳጥን። አሁን የሚያስፈልጉት ስምንት ትልልቅ ሳጥኖች ናቸው። «እንጨቱ አለ፣ መስታወቱ አለ። ጨርቁ ብቻ ነው የቀረን። ስንት ቀን ይፈጅብዎታል እትዬ?»

«ስምንት ቀን።»

«በአራት ቀን ቢሆንስ?»

ጥላሸት ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቷ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ልታጠልቅ ትታገላለች፤ እግሩ አልገባ ብሏል። የእናት ነገር! «በአራት ቀን ታገኛለህ» አለችው።

እንግዲህ ስድስት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። በቀን አንድ ታከስል የነበረችውን ሁለት በርሜል አደረገችው። ጭሱ ገና ቢጫ እያለ እሳቱን አጠፋች። ጠዋት በርሜሉን ስትከፍተው ጣቷ ቡናማ ሆነ። አየችው። አየችውና በቀሚሷ ጠረገችው፤ «የቀረውን ፀሐይዋ ትጨርሰዋለች» አለች ለራሷ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል የሚለውን ተረት ለስንት ሰው ስትተርት የኖረች ሴት ናት እኮ!

በአምስተኛው ቀን ስምንቱ ሳጥኖች በጤና ጣቢያው ግቢ ተደረደሩ። እኩለ ቀን ላይ ከየመስታወቱ ሥር ውሃ ይወርድ ጀመር። ሰዉ አጨበጨበ። ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በቀን አራት ሊትር ደረሳት፤ ጥላሸት የልጇን ጀሪካን ራሷ ተሸክማ ወሰደች። በመንገድ ላይ «እሰይ እትዬ! እጅሽ ይባረክ!» ያላላት ሰው አልነበረም።

በረኪና ብቻ ቀረች። ያን ቀን ምራቷን ልትጠይቅ ገብታ ወጣችና፣ ሰባት ዓመት የተዘጋውን አፏን ከአጥሩ ወዲያ ከፈተችው።

«አንቺ ሴትዮ! ውሃሽ ይገማል! ጭስ ጭስ ይላል!»

ጥላሸት መጥረጊያዋን እንደያዘች ቆመች። ደሟ ፈላ። ሰባት ዓመት ዘግታ ዘግታ አፏን የከፈተችው ለዚህ? ሰው ሁሉ ሲመርቀኝ ዓይኗ ቀላ፣ ሌላ ምን ይሆናል? ብላ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ግን ያ ቡናማ ጣት ትዝ አላት። ገባችና ልጇን ጠየቀቻት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ውሃው ይሸታል እንዴ?»

«ኧረ ምንም አይሸትም እማዬ! ደግሞ የሷን ወሬ ትሰሚያለሽ? ጥርት ያለ ውሃ ነው።»

ይህም አልበቃትም፤ በማግስቱ ኢንጂነሩን ጠየቀችው። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫው አስጠጋና መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ «ደህና ነው እትዬ። አዲስ ጨርቅ ስለሆነ... ደህና ነው» አላት። ልቧ አረፈ። የሚወዷት ሁለት ሰዎች ደህና ነው ብለዋል፣ የምትጠላት አንዲት ሴት ይገማል ብላለች። እናንተ ብትሆኑ ማንን ታምኑ ነበር?

የልጅቷ እግር ግን አልሟሽሽ አለ። እንዲያውም ባሰበት። ሲስተር ውሃው በጀመረ በሦስተኛው ቀን ለካች፤ ቁጥሩ ወጥቷል። «የጉድጓድ ውሃ እየጠጣች ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥላሸት ተቆጣች። «አፌን ይቁረጠው! እኔ ራሴ ነኝ የማመላልስላት!» አለች። ሲስተር ራሷን ነቀነቀችና ሌላ ክኒን ጨመረች። ጥላሸት ሌሊት ተነስታ የልጇን ትንፋሽ ማዳመጥ ጀመረች። ምን አጎደልኩ? ጨዉ ቆሟል፣ ክኒኑ አለ፣ ታዲያ ይሄ እብጠት ከየት ይመጣል?

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ከአልጋ አልነሳ አለች። ፊቷ ተነፍቷል። «ራሴን እየፈለጠኝ ነው፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል» አለች። ጥላሸት ብድግ አለች። «ቆይ፣ ውሃ ልስጥሽ» አለችና ራስጌ ካለው ጆግ ቀዳች። ልጅቷ መጠጣት ሲያቅታት ጥላሸት የገዛ እጇ ላይ የፈሰሰውን ላሰችው።

ጨው!

ደግማ ቀመሰችው። ጨው ነው። ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር ስታይ በነጠላ የተሸፈኑ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አንዱም አልተነካም። እሷ በየቀኑ ተሸክማ ያመጣችው ውሃ!

«ምንድነው ይሄ? ምንድነው ይሄ ልጄ?»

ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ አለቀሰች። «ወደ አፌ ሳስጠጋው ያስመልሰኛል እማዬ። ጭስ ነው የሚለው። የወዲያ ማዶዋ ጎረቤታችን ልጅ ከጉድጓዱ ትቀዳልኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም! እኔ እንደማይሸተኝ እያወቅሽ!»

«እንዴት ብዬ? አራት ቀን እንቅልፍ ሳይዞርሽ ለኔ ብለሽ ሠራሽው። ሰዉ ሁሉ እያመሰገነሽ... ለመጀመሪያ ጊዜ እኮ ነው እማዬ ሰው ያመሰገነሽ። ይገማል ብዬ እኔ ልጅሽ ላዋርድሽ? ትንሽ ጨው ምን ያደርገኛል ብዬ ነው።»

አፈር በበላሁ! ጥላሸት ደረቷን በቡጢ መታች። ወዲያው ደግሞ ለዚህ ጊዜ እንደሌለ ገባት፤ የልጅቷ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ወደ ግቢው ወጥታ «ኡኡ! የሰው ያለህ! ድረሱልኝ!» ብላ ጮኸች።

መጀመሪያ የደረሰችው በረኪና ናት። ከነሳሙናዋ፣ ከነእርጥብ እጇ፣ የአንሶላ ጋሪዋን እየገፋች። አንዷ በብብት፣ አንዷ በእግር ይዘው ልጅቷን ታጥበው ከተቆለሉት አንሶላዎች ላይ አስተኟትና ጋሪውን ገፉት። መንገዱ ኮረኮንች ነው። ጋሪው ሲንገጫገጭ ልጅቷ ታቃስታለች። ሁለቱ ሴቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ይገፋሉ። ጥላሸት የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውሰደኝ እኔን፣ እኔን ውሰደኝና እሷን ተዋት።

«መቶ ሰባ በመቶ አሥር» አለች ሲስተር። መርፌ አዘጋጀች፣ ወጋቻት፣ መጋረጃውን ዘጋችባት። ከዚያ ወጥታ ሁለቱን ሴቶች ፊት ለፊት አየቻቸው። ኢንጂነሩም ጩኸቱን ሰምቶ በሩ ላይ ቆሟል። «ምን ስትጠጣ ነበር? አሁን የምትደብቁት ነገር የለም» አለች።

ጥላሸት ተናገረች። ልጇ ከጉድጓድ ስትጠጣ እንደነበር፣ የሳጥኑ ውሃ ስለሚሸታት እንደሆነ። ኢንጂነሩ ነገሯን አቋርጦ ገባ፤ «ምናልባት የመስታወቱ ማጣበቂያ ይሆናል እትዬ። በፀሐይ ሲግል ይሸታል። ማጣበቂያው ነው፣ እናስተካክለዋለን።»

የተከፈተ በር ነበር። እሺ ብትል ያልፋታል፤ ማጣበቂያው ነው ይባላል፣ ስሟም በቦታው ይኖራል። ከጎኗ በረኪና ቆማለች፤ ደግሞ ማን ፊት እንድትዋረድ ነው!

«ማጣበቂያው አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ። ከሰሉ ስድስት ሰዓት ነው የሚፈልገው፣ በሦስት ሰዓት ተኩል አወጣሁት። ቅጥራኑ አልወጣለትም። ጣቴ ላይ አይቼዋለሁ፣ አውቄ ነው ያለፍኩት። ደግሞ አፍንጫዬ አይሠራም። ስንት ዓመቱ ነው አይሠራም። ለዚያ ነው ሰው የምጠይቀው።»

ኢንጂነሩ አንገቱን ደፋ። «እኔም ሸትቶኝ ነበር እትዬ» አለ በዝግታ። «ትልቅ ሰው ነዎት፣ ይሄን ያህል ለፍተው... እንዴት ብዬ ልናገር። ይለቃል ብዬ ነው።»

«ሌሎቹስ ሴቶች?» አለች ሲስተር። ወዲያው ሰው ተላከ። ከሰባቱ አምስቱ ውሃውን ልብስ እያጠቡበት ከጉድጓድ ሲጠጡ ነበር የከረሙት። ሁሉም ያሉት አንድ ነው፤ «እትዬን እንዴት እናስቀይማት?» አይ ይሉኝታ! ጨው ስንቱን ገደለ ይባላል፤ ይሉኝታን ማን ቆጥሮት ያውቃል?

ሲስተር ነገር አላበዛችም። «መርፌው ለጊዜው ይዞልኛል። ጨዉ ካልቆመ ግን መርፌ ብቻውን አያድናትም። በዚህ ሁኔታ ደግሞ መኪና ላይ ልጭናት አልችልም። የታሸገ ውሃ ስድስት ጠርሙስ ቀርቶኛል፣ ለሰባቱም ተካፍሎ እስከ ነገ አመሻሽ ቢያደርሰን ነው። ከዚያ በኋላ የማጠጣት የለኝም።»

ጥላሸት ልጇን በመጋረጃው ቀዳዳ አንዴ አየቻትና ወጣች።

አራት ሰዓት ላይ እሳቱን አያያዘች። እንጨቱን ራሷ መረጠች፣ ራሷ ጠቀጠቀች። ነጩ ጭስ ወጣ። ከዚያ ቢጫው መጣ፣ ወፍራም፣ እየተጥመለመለ። በርሜሉ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ቱቦውን ታያለች። እሳት መቆስቆስ እንጂ ሌላ ሊሠራ የሚችል ነገር የለም። ጭስ አይለመን፣ አይገፋ! አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ቢጫው እንዳለ ነው።

በሦስተኛው ሰዓት ኢንጂነሩ እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ልጅዎ ነቅታለች። እየጠራችዎት ነው። ሲስተርም ቢመጡ ጥሩ ነው ብላለች።»

ብድግ አለች። ቱቦውን አየች፣ መንገዱን አየች። እሳቱ ከበዛ ክዳኑ ይተኮሳል፣ ከቀዘቀዘ ጭሱ ይታፈናል፤ መቼ ምን ያህል እንጨት እንደሚጨመር የሚያውቅ ከሷ በቀር የለም። ሲስተር «ቢመጡ ጥሩ ነው» ያለችው ለምንድነው? ሰው እንዲህ የሚባለው መቼ ነው?

«አልመጣም በላት» አለች። ድምጿ የሷ አይመስልም ነበር። «ጭሱ ገና ቢጫ ነው በላት። ሂድ! ቁመህ አትየኝ!»

እሱ ከሄደ በኋላ እንባዋ ወረደ፤ በክንዷ እየጠረገች እንጨት ጨመረች። ምናልባት የመጨረሻ ጥሪዋ ይሆናል፣ እኔ እዚህ በርሜል እጠብቃለሁ፣ ምን አይነት እናት ነኝ፣ እያለች ራሷን ረገመች። ግን አልተነሳችም። አሥር ሰዓት ሲሆን ጭሱ ሳሳ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ከቱቦው አፍ ጠፋ። ቱቦውን በጭቃ ደፈነች። ያን ጊዜ ነው እግሬ አውጪኝ ብላ የሮጠችው።

ልጅቷ በሕይወት አለች። ተኝታለች። አጠገቧ ወንበር ላይ እጇን ይዛ የተቀመጠችው በረኪና ናት። ቀና ብላ ጥላሸትን አየቻትና ወንበሩን ለቀቀችላት።

በማግስቱ ማለዳ በርሜሉ ተከፈተ። ከሰሉ ሲሰበር ጮኸ፤ ጣቷን በነጭ ወረቀት ላይ ጠረገችው፣ ጥቁር ብቻ ነው። አደቀቀች፣ ለወሰች፣ ቀባች። ኢንጂነሩ የድሮዎቹን ጨርቆች ገንጥሎ፣ አሸንዳና መስታወቱን በፈላ ውሃ እያጠበ ይጠብቃታል። ስስ አድርጋ ብትቀባውም ለአራት ሳጥን ብቻ ነው የደረሰው። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መስታወቶቹ ተዘጉ። ደመና እንዳይመጣ ያልተሳሉት የለም። ሰባት ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ፤ ያንን ደፉት፣ የመጀመሪያውን አንድ ሊትር ሁሉ ደፉት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ጆግ ሞላ።

ኢንጂነሩ ብርጭቆ ቀድቶ አሸተተ። ቀመሰ። «ምንም አይሸትም እትዬ! ንጹሕ ነው!»

ጥላሸት ፊቱን አየችው። ደስ ብሎታል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ይወዳታል። ያን ቀንም እኮ እንዲህ ነበር የሚያያት።

«አንተ ልጅ፣ ያኔም ደህና ነው ብለኸኛል» አለችው፤ ጆጉንና ብርጭቆውን ይዛ ወጣች።

የበረኪና ግቢ በር ክፍት ነበር። ሰባት ዓመት ያልረገጠችው ደጃፍ ነው። በረኪና በትልቅ በርሜል አንሶላ እየቀቀለች፣ በዱላ እያማሰለች ነበር። ስታያት ዱላውን አቆመች።

«ምን ፈለግሽ?»

ጥላሸት በመንገድ ላይ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ብርጭቆውን ሞልታ ዘረጋችላት።

«አንቺ አትወጂኝም» አለች። «ስለዚህ አትዋሺኝም። አሽትቺልኝ።»

በረኪና እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ብርጭቆውን ተቀበለች። አፍንጫዋን አስጠጋች፤ አንዴ፣ ደግማ። ከጥላሸት እጅ ምንም ነገር ቀምሳ አታውቅም፤ በሠርጉ ዕለት እንኳ ለአሳላፊው «ጾሜን ነኝ» ብላ ነው ያለፈችው። ብርጭቆውን አነሳችና ጠጣች። ቀምሳ አላቆመችም፤ ግጥም አድርጋ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ከዚያ አፏን በመዳፏ ጠረገች።

«ነይ» አለች። ሽርጧን ፈትታ እሳቱን በእግሯ በተነችና ቀድማ ወጣች።

ሲገቡ ልጅቷ ትራስ ተደግፋ ነቅታ ነበር። የመጨረሻው ጠርሙስ ባዶውን ከጎኗ ቆሟል። ሁለቱን ሴቶች አንድ ላይ ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። ጥላሸት ቀዳችላትና ብርጭቆውን ሰጠቻት፤ ልጅቷ ግን ወደ አፏ አላስጠጋችውም። ያስመለሳት ውሃ ነው፣ ፈርታለች። መፍራቷንም በእናቷ ፊት ልትደብቅ እየሞከረች ነው።

«እማዬ... አይሸትም አይደል?»

ጥላሸት «አይሸትም» ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«እኔን አትጠይቂኝ ልጄ» አለች። «እሷን ጠይቂያት።»

ልጅቷ ወደ አማቷ ዞረች። በረኪና የአልጋውን ብረት ይዛ ቆማ «ጠጪ» አለቻት። ልጅቷም ጠጣች።